ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በኋላ ከጓደኞች ጋር ወደ ተራራ መመለስ፦ አንድ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

መነሻ ጥያቄ

የሐረርና የድሬዳዋ ወገኖች፣ ከከባድ ሕመም ተነሥታችሁ ዳግም ተራራ የወጣችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለውን ሰው ያጀባችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ ሕክምናውን በታዘዘልኝ መሠረት ሳላቋርጥ ጨርሻለሁ፤ የመጨረሻው የአክታ ምርመራም ከባክቴሪያው ነጻ መሆኔን አሳይቷል። ከመታመሜ በፊት እሑድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐኪም ተራራ መውጣት ልማዴ ነበር፤ ሐረርን ከነጁገል ግንቧ ቁልቁል እያዩ ከወዳጅ ጋር መጨዋወትን የሚያህል ደስታ ለእኔ ጥቂት ነው። አሁን ጓደኞቼ ከመስቀል በኋላ የቁንዱዶን ተራራ ለመውጣት ተቀጣጥረዋል፤ አብሬአቸው እንድሄድ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ከእነርሱ የበለጠ እፈልጋለሁ። ነገር ግን በጁገል ውስጥ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያወጣውን መንገድ ስሄድ እንኳ ትንፋሼ ቶሎ ያጥራል፣ ጭኔም ይዝላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሕክምናን መጨረስ ብቻውን ለተራራ ያበቃልን? ብቻዬን ተለማምጄ ኋላ ልቀላቀላቸው ወይስ ከአሁኑ አብሬአቸው ልጀምር? ጤነኛ ሰዎች ገና በማገገም ላይ ላለች አንዲት ጓደኛቸው ሲሉ እርምጃቸውን እንዲለውጡ መጠየቅስ ተገቢ ነውን?

(መልሶቹ ብዙና አንዳንዶቹም ረዣዥም ስለነበሩ፣ ኋላ ለሚያነብ ሰው እንዲመቹ ፍሬ ነገራቸውን በራሴ አነጋገር፣ በተሰጡበት ተራ አስፍሬአለሁ። አስተያየቴንም በየመካከሉ ጨምሬአለሁ።)

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ የድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ነዋሪ ናቸው። በመዳኔ መደሰታቸውን ገልጸው፣ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ራሱን እንደ ታማሚ መቁጠሩን ቢተው እንደሚሻለው፣ ከወዳጅ ጋር መውጣት ራሱ ብርታት እንደሚሰጥ ጽፈው ቁንዱዶን ሳልፈራ እንድሄድ መከሩኝ። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነበርና አጽናንቶኛል።

2ኛ መልስ

በጤና ጣቢያ በቲቢ ክፍል የሚሠሩ ነርስ፣ የመጀመሪያው መላሽ ስለ ወዳጅነት ያሉትን ሳይነቅፉ ስለ ጤና ያሉትን ግን አረሙ። በመደበኛው የ6 ወር ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት እንደሚወሰድ አስታውሰው፣ የመጨረሻው የአክታ ምርመራ የሚያረጋግጠው የባክቴሪያውን መጥፋት እንጂ የሳንባውን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ እንዳልሆነ አብራሩ። ባክቴሪያው በቆየበት ቦታ ጠባሳ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም የአየር ቧንቧዎቹ ከልክ በላይ ይሰፋሉ፤ ስለዚህ ፈጽሞ ከበሽታው የዳነ ሰው ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ይህ የስንፍናም የፍርሃትም ምልክት አይደለም ማለታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም በዚህ መልክ አልነገረኝምና።

ከመውጣቴ በፊት ደረቴን በኤክስሬይ እንድታይ፣ የደም ማነስ እንዳለብኝና እንደሌለብኝ እንድመረመር፣ በተስተካከለ ወለል ላይ በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሜትር መሄድ እንደምችል የሚለካውን የእግር ጉዞ ፈተና እንድጠይቅ መከሩኝ። ደም የቀላቀለ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ከተመለሰ ግን የተራራውን ነገር ትቼ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለብኝ አጥብቀው አሳሰቡ።

3ኛ መልስ

አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነገሩን ከከፍታው አንጻር ተመለከቱት። ብዙ ሰው ከፍ ባለ ቦታ የኦክስጅን መቶኛ ይቀንሳል ብሎ እንደሚያምን፣ ይህ ግን ልክ እንዳልሆነ ገለጹ፤ ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢኬድ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ 87፣ 1,885 ሜትር ላይ ባለችው ሐረር 80፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የቁንዱዶ አናት ደግሞ 70 ያህል ይሆናል። ለጤነኛ የሐረር ሰው ከ80 ወደ 70 መውረዱ እምብዛም አይከብድም፤ ሳንባው በጠባሳ ምክንያት መጠባበቂያ ያጣ ሰው ግን ልዩነቱን በእያንዳንዱ እርምጃ ያውቀዋል። መምህሩ አትሂጂ አላሉኝም፤ ቁንዱዶ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ፈተናሽ ይሁን አሉኝ እንጂ።

4ኛ መልስ

ይህኛው መልስ አሳዝኖኛል። መላሹ ቲቢ የነበረበት ሰው ከሌሎች ጋር በአንድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ረጅም መንገድ መጓዙ ኃላፊነት የጎደለው ነው፣ ጓደኞቼም ቤተሰብ ስላላቸው ሊያስቡበት ይገባል ሲል ጻፈ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

5ኛ መልስ

ነርሷ ተመልሰው መጡ፤ በዚህኛው ጽሑፋቸው ቀድሞ የነበረው ለስላሳነት አልነበረም። ትክክለኛውን መድኃኒት የጀመረ ሰው፣ በሽታው መድኃኒቱን የተላመደ ካልሆነ በስተቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ገደማ ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ እጅግ እንደሚቀንስ፣ ሕክምናውን የጨረሰና አክታው ነጻ የሆነ ሰው ደግሞ የሚፈራበት ምክንያት እንደሌለ ጻፉ። በሚኒባስ ውስጥ የሚያሰጋው ለሳምንታት እያሳለ ሳይመረመር መስኮት ዘግቶ የሚጓዘው ነው፤ መላሹም ለቤተሰቡ የሚሳሳ ከሆነ መስኮት መክፈትን እንዲለምድ፣ ሳል ከ2 ሳምንት በላይ የቆየበትን ዘመድም ወደ ምርመራ እንዲወስድ መከሩት። አራተኛው መላሽ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

6ኛ መልስ

አንድ ወጣት የታላቅ ወንድሙን ነገር ተረከ። ወንድሙ ታክሞ ከዳነ በኋላ እንኳ በቤታቸው ብርጭቆውና ሳህኑ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆና በሳህን እንደማይተላለፍ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወንድሙ ኳስ መጫወት የተወው ሳንባው እምቢ ስላለው ሳይሆን፣ ጓደኞቹ ውኃ ሲያቀብሉት እጃቸው ሲያመነታ ስላየ ነበር። ወጣቱ ለእኔ የሰጠኝ ምክር አጭር ነው፤ የሚፈልጉኝ ጓደኞች ካሉኝ ብቻዬን እንዳልለማመድ።

7ኛ እና 8ኛ መልሶች

ሰባተኛዋ መላሽ፣ አንዲት የድሬዳዋ እናት፣ የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው በዚሁ ሕመም ተይዘው እንደነበር፣ ሲሻላቸው ስለታቸውን ለማድረስ ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግራቸው እንደሄዱ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ያንን መንገድም ሳንባቸው ሳይሆን እምነታቸው እንዳወጣቸው ተረኩ። አብረዋቸው የተጓዙት ሴቶች ሲቀመጡ አብረው ይቀመጡ፣ ሲነሡም አብረው ይነሡ ነበር። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስምንተኛው መላሽ እናትየዋን የሰዎችን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ምክር ሰጡ ብሎ ተቆጣቸው። ስለ ከፍታውና ስለ ርቀቱ ያነሣው ነጥብ እውነት ነው፤ እናትን የሚያህል ሰው አንቺ እያሉ መዝለፍ ግን አይገባም ነበር፤ ይህንንም እዚያው ጽፌለታለሁ። እናትየዋ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን እንጂ አንቺም እንዲሁ አድርጊ አላሉኝም።

9ኛ መልስ

ወደ ሌላ ጉዳይ የወጣ ነው። መላሹ ከቁንዱዶ ይልቅ ልጅ ኢያሱ ታስረው የነበሩበት ጋራ ሙለታ ቢታይ የተሻለ ነው ብሎ ስለ ታሪኩ በሰፊው ጻፈ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጋራ ሙለታ ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ለጥያቄዬ መፍትሔ አይሆንም።

10ኛ እና 11ኛ መልሶች

አንድ የድሬዳዋ ሰው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን ባዳረሰው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ታምመው፣ ትኩሳቱ በቀናት ቢለቅቃቸውም የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ሕመሙ ለወራት እንዳልተዋቸው ገለጹ። ወደ እግር ጉዞ የተመለሱት ቀስ በቀስ ነበር፤ መጀመሪያ ፀሐይ ሳይበረታ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ቀጥሎ በከተማው ዳርቻ ባሉት ዝቅተኛ ኮረብቶች፣ በመጨረሻም ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ዳገት። ለስላሳው አሸዋ ለመገጣጠሚያቸው እንደተስማማቸው፣ ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው ግን ዛሬ ደኅና ነኝ ብለው የነገን ጉልበት በአንድ ቀን አለመጨረሳቸው እንደሆነ ጻፉ። ሕመሙ ሌላ ቢሆንም ይህ ምክር ለእኔም ይሠራል።

አሥራ አንደኛው መላሽ ግን የደቻቱን አሸዋ በቀላሉ እንዳናየው አስጠነቀቁ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ዝናቡ የጣለው በደጋው በኩል እንደነበር አስታውሰው፣ ሰማዩ በድሬዳዋ ላይ ጥርት ቢልም በላይ በኩል ደመና ከታየ ማንም፣ ይልቁንም ሮጦ ማምለጥ የማይችል ሰው፣ ወደ ወንዙ አልጋ እንዳይወርድ ለመኑ። በዚያ ሌሊት ጎረቤቶቻቸውን እንዳጡም ጻፉ። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም።

12ኛ መልስ

ለጥያቄዬ በቀጥታ የደረሰልኝ መልስ ይህ ነበር። መላሿ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው። ለሳንባ ሕሙማን የሚሰጠው የማገገሚያ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን በባለሙያ እየታገዘ እንደሚሰጥ ነግረውኝ፣ ይህን በቅርብ ማግኘት ባልችል ሐረር ራሷ ሜዳ እንዳላት አሳዩኝ። የጁገልን ግንብ ዙሪያውን መሄድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ደግሞ የተተከሉ ምልክቶች ሆነው ያገለግላሉ። ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ ሄጄ እንዳርፍ፣ ሳምንት ሲያልፍ ሳላርፍ ሁለት በር እንድሻገር፣ ትንፋሼ ሲለምድ ብቻ ወደ ዳገቱ እንድዞር መከሩ።

የልኩን ነገር ያብራሩበት መንገድ እጅግ ግልጽ ነው። እየሄድሁ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ከቻልሁ እርምጃው ልክ ነው፤ መዝፈን ከቻልሁ ትንሽ ማፍጠን እችላለሁ፤ ቃላቱ አንድ በአንድ መቆራረጥ ከጀመሩ ደግሞ ወዲያውኑ መቀነስ አለብኝ። የትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ብናስቀምጠው ከ3 ወይም ከ4 ማለፍ የለበትም። ዳገት ላይ በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው አሹሎ በዝግታ ማስወጣት፣ ማስወጫውም ከማስገቢያው እጥፍ እንዲረዝም ማድረግ ሳንባ ውስጥ የሚታገተውን አየር ይቀንሳል። ሲደክመኝም ቀና ብዬ ከመቆም ይልቅ ጎንበስ ብሎ ክንድን በጭን ላይ ወይም በምርኩዝ ላይ ማሳረፍ ለመተንፈሻ ጡንቻዎች እፎይታ ይሰጣል።

ከሁሉም ያልጠበቅሁት ስለ ቁልቁለት ያሉት ነበር። በሕመም የከሳ ሰው ጭኑ ሥጋ ስለሚያጣ፣ ትንፋሹ ችሎ የወጣውን ተራራ ጉልበቱ ማውረድ ሊያቅተው ይችላል፤ ስለዚህ አናት ላይ ሲደረስ የጉልበት ግማሽ መቅረት አለበት። እኔና ጓደኞቼ ሁልጊዜ የምንጨነቀው ስለ መውጣቱ ብቻ ነበር።

13ኛ መልስ

አንዲት የሐረር ሴት በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን የኦክስጅን መጠን የሚያሳየውን ትንሽ መሣሪያ ይዤ እንድሄድ መከሩ፤ ቁጥሩ ከ90 በታች ከወረደና በዕረፍት ካልተመለሰ መውረድ እንጂ መቀጠል እንደማይገባም አከሉ። ቀጥለውም የከተማችንን ሴቶች ሁሉ የሚመለከት ነገር አነሡ፤ የጥፍር ቀለምና በሠርግ ሰሞን ጣታችንን የምናጠቁርበት ጥቁር ሂና መሣሪያውን ሊያሳስተው ስለሚችል፣ ያልተቀባ ጣት መተው እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ጣት በብርድ ሲደነዝዝም ንባቡ ስለማይታመን አስቀድሞ ማሞቅ ይገባል።

14ኛ መልስ

የቲቢ መድኃኒት ሲወስዱ የቆዩ አንድ ሰው፣ ከሕክምናው በኋላ የእግራቸው ጣቶች ይደነዝዙ እንደነበር፣ በአንድ የእሑድ ጉዞም ጫማቸው ሲልጣቸው ሳይሰማቸው ቀርቶ ቤት ሲያወልቁ ካልሲው በደም መራሱን እንዳዩ ተረኩ። ነርሷ ከሥር በአጭሩ እንዳብራሩት፣ አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን ለመከላከልም ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣል። መደንዘዝ ያለበት ሰው በየዕረፍቱ ጫማውን አውልቆ እግሩን በዓይኑ ይመልከት፤ በስሜቱ አይተማመን።

ከ15ኛ እስከ 17ኛ መልሶች

አንድ ሰው ከጉዞ በኋላ ስላለው በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት ስለ መቃም፣ አነሣ። ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ክብደቱን ሊመልስ የሚታገል ሰው ከተራራ ወርዶ ምሳ ሳይበላ መቃም እንደማይገባው ጻፈ። ሌላው፣ የጫት ገበሬ ልጅ መሆኑን ገልጾ፣ የክፍለ ሀገሩ ሰው ኑሮ በዚህ ቅጠል ላይ መቆሙን የማያውቅ ሰው እንዳይፈርድ በቁጣ መለሰ። የአወዳይ ገበያ፣ የግብር፣ የወጣቶች ሥራ አጥነት ጉዳይ ሁሉ ተነሣ። አወያዩ ጣልቃ ገብተው ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ጠየቁ። ስለ ገበሬው ኑሮ የተባለውን አከብራለሁ፤ ስለ ምግቡ ግን የመጀመሪያው ሰው ያለው እውነት ነው። ከጉዞ መልስ ወዲያው መብላት ለእኔ ከዕረፍት እኩል ሆኖብኛል።

18ኛ መልስ

ከጓደኞቼ አንዱ ይህን የውይይት ክር አገኘው። ቅሬታውን አልደበቀም። በየጉዞው ደኅና መሆኔን ሲጠይቁኝ ደኅና ነኝ እያልሁ ለማያውቁኝ ሰዎች ደክሞኛል ብዬ መጻፌ እንዳሳዘነው፣ እርሱና ሌሎቹ እኔን ለመጠበቅ ደስ እያላቸው እንደ ባዕድ እንደተቆጠሩ ጻፈ። ንግግሩ የተቆጣ ቢሆንም የሚወደኝ ሰው ንግግር መሆኑን አውቃለሁ።

19ኛ መልስ

ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለጓደኛዬ የሚከተለውን ነገርሁት። ከሕመሜ ወዲህ በሞከርናቸው አጫጭር መንገዶች እናንተ ቀድማችሁ ትደርሱና ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ትጠብቁኛላችሁ፤ እኔ ስደርስ ትነሣላችሁ። ደኅና መሆኔን የምትጠይቁኝም ቦርሳችሁን አንግታችሁ፣ ቆማችሁ ነው። እንዲህ ሲሆን ጠንካሮቹ በየማረፊያው ደኅና አድርገው ያርፋሉ፤ ዕረፍት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ሰው ግን ሳትቀመጥ ትቀጥላለች። ለመሄድ ለተነሣ ሰው ቆይልኝ ማለት ይሉኝታ ያሲዛል፤ ሁላችንም በዚሁ አድገናል። ስለዚህ ደኅና ነኝ እላለሁ። እናንተን እንደ ባዕድ ስለቆጠርሁ አይደለም፤ ብትቀሩብኝ የሚከብደኝ እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

የድሬዳዋዋ እናት ስለ ቁልቢ ጓደኞቻቸው የጻፉትን ሳነብ ዕንባዬ የመጣው በዚህ ምክንያት ነበር። ሲቀመጡ አብረው ተቀመጡ፣ ሲነሡ አብረው ተነሡ። ከ60 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ እኔን የነካኝ ይህ ነው።

20ኛ መልስ

ለብዙ ዓመታት እንግዶችን ወደ ቁንዱዶ ሲመሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ቃላቸውን አከሉ፤ ክሩ ከዚህ በኋላ መልኩን ለወጠ። እርሳቸው እንደሚሉት በተራራ ላይ ከፊት የሚሄደው ጠንካራው ሳይሆን ደካማው ነው፤ ጠንካራው ከፊት ከሆነ ሰልፉ ይበጠሳል፣ ደካማው ከፊት ከሆነ ግን ማንም ወደኋላ አይቀርም። ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የመመለሻው ሰዓት ገና ከሥር ሳይነሡ ይቆረጣል፤ ያ ሰዓት ሲደርስ አናቱ በእጅ የሚነካ ቢመስል እንኳ ይመለሳሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከቡድኑ አንድ ሰው፣ የደከመው ወዳጁ ልመለስ ባለ ጊዜ ያለ ቅሬታ አብሮ ለመመለስ ሌሊቱን ቤቱ ሳለ ይወስናል። ተራራው ላይ የሚወሰን ከሆነ፣ አሉ አዛውንቱ፣ ታማሚው የወዳጁን ፊት ያይና ዝም ይላል።

የቁንዱዶ አናት ሰፊ ሜዳ ሆኖ የዱር ፈረሶች የሚኖሩበት በመሆኑ፣ የወጣ ሁሉ ፈረሶቹን ሳያይ መመለስ እንደሚከብደው፣ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ጉጉት እንደሆነ አስረዱ። ስለዚህ ፈረሶቹን ማየት የሚሹት እስከ ዳር ይቀጥሉ፤ ሌሎቹ በተስማሙበት ቦታ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ይህም እንደ ሽንፈት አይቆጠር አሉ። እኚህን አባት በአካል አላውቃቸውም፤ ያሉትን ግን ጽፌ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬአለሁ።

21ኛ እና 22ኛ መልሶች

ሌላዋ ጓደኛዬ ከቁንዱዶ በፊት አንድ ሁለት ቀለል ያሉ ጉዞዎች እንዲኖሩ ሐሳብ አቀረበች። ከሐረር ዝቅ ብሎ አየሩ የሚወፍርበትን የድሬዳዋን አካባቢ መርጣ፣ ጥንታዊ የዋሻ ሥዕሎች ያሉበትን ለገ ኦዳን ጠቀሰች። አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ ምርጫውን አደነቁ፤ ነገር ግን በከፍታው የተገኘው ጥቅም በሙቀቱ እንዳይጠፋ አስጠነቀቁ። ሙቀት ልብን ያፈጥናል፣ ውኃን ያሳጣል፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ ጥላ መመለስ ግድ ነው። ውኃውንም ጠንካሮቹ ይሸከሙልሽ አሉኝ። አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ከሐረር ስንነሣ ጅብ እንዳያጋጥመን ፈራ፤ ሌላው የሐረር ጅብ ሰውን እንደለመደ፣ የሚያስፈራው የውሻ መንጋ እንደሆነ መለሰለት፤ ሁለቱም በዚሁ ጥቂት ተከራከሩ።

23ኛ መልስ

በ18ኛው ቁጥር የተቀየመው ጓደኛዬ ተመለሰ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሄድ፣ እኔ ስደርስ መነሣታቸው ዕረፍት እንደሚነሣኝ አንድም ቀን እንዳላስተዋለ፣ ከእንግዲህ ማንም እኔ ሳልቀመጥና ውኃ ሳልጠጣ እንደማይነሣ ጻፈ። ልመለስ ባልሁ ጊዜ አብሮኝ የሚመለሰው ሰው እርሱ መሆኑንም በሁሉ ፊት አስታወቀ፤ ፈረሶቹን ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁና አይቆጨኝም አለ። ብዙዎች አመሰገኑት። ነርሷ ግን ምስጋናው ከምርመራው እንዳይቀድም አሳስበው፣ የ6 ደቂቃው የእግር ጉዞ ውጤት ሳይታወቅ የቁንዱዶ ቀን እንዳይቆረጥ ጠየቁ።

24ኛ መልስ

የመጨረሻው የእኔ ነው። ለመለሱልኝ ሁሉ ምስጋናዬን ካቀረብሁ በኋላ የተስማማንበትን አሳውቄአለሁ። ለምርመራው ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ውጤቱም እስኪታወቅ ድረስ በየጠዋቱ የጁገልን ግንብ ከበር እስከ በር እዞራለሁ፤ እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር የሐኪምን ተራራ እስከምችለው ድረስ እወጣለሁ፤ ሐኪሜ ከፈቀደ ደግሞ ለገ ኦዳን አይተን ከመስቀል በኋላ ቁንዱዶን እንሞክራለን። የመመለሻው ሰዓት ከሥር ይቆረጣል። ከድሬዳዋ ወገን፣ ይልቁንም ከሕመም ተነሥቶ እስከ አሁን አብሮ የሚሄድ ያጣ ሰው ካለ፣ በሐኪም ተራራው ጉዞ ቢቀላቀለን ደስ ይለናል፤ ከፊት የምሄደው እኔ ስለሆንሁ እርምጃው ዝግ ያለ መሆኑን አውቆ ይምጣ።